ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር ልዝጋው ወይስ ልተወው?

ካቴና (ደሴ) ጠየቀች፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የገመተም ለራሱ ይያዘው። ሴት መሆኔን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ሁሉም "ወንድሜ" እያለ ሲመክረኝ ዋለ። "ካቴና" የሚለውን ስም ያወጡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ፊት ለፊት "ቲቸር" ይሉኛል፣ ዞር ስል "ካቴና መጣች"። ስሙ አልከፋኝም። ሥራ ይቀንስልኛል።

ከዚህ በፊት የሂሳብ መምህር ነበርኩ። እዚህ ስመደብ ማኅተም፣ የቁልፍ እሽግና አንድ ምክር ተረከብኩ። ምክሩ "ብዙ አትነካኪያቸው" ነው። ማንን እንደሆነ አልነገሩኝም። ተማሪውንም መምህሩንም ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስደርስ የነበረው እንዲህ ነው። ትምህርት የሚጀምረው 2:00 ላይ ነው። በተግባር 2:30 ላይም ደውል የሚሰማ አልነበረም። ተማሪው በር ላይ፣ መምህሩ ሻይ ቤት። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ኋላ ረድፍ ላይ ቦርሳ እንጂ ልጅ አይገኝም፤ በአጥር ወጥቷል። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አንድ ፑል ቤት፣ ቀጥሎ ጫት መሸጫ አለ። ሰፈራችን ምንም አልጎደለበትም። የፈተና ቀን ደግሞ ጎበዙ ልጅ መሃል ይቀመጣል፣ ሌላው ዙሪያውን ይከበዋል። አጤሬራ እንኳ የሚጽፍ አልነበረም። ለምን ብሎ ይድከም?

ባለፈው የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉልን ልጆች አንድ ባጃጅ ይበቃቸዋል። ትርፍ ሳይጫን። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሁሉም ትምህርት ቤት ገመና ወጥቷል። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነበር፤ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። "እኛ ብቻ አይደለንም" የሚሉኝ መምህራን ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። የጎረቤት መውደቅ ግን ለእኛ ልጅ ነጥብ ሆኖ አይደመርለትም።

የጀመርኩት ከበሩ ነው። 2:00 ሲል የብረቱ በር ይዘጋል። እኔው ራሴ ቆሜ ነው የማዘጋው፤ ጥበቃው ብቻውን ከሆነ ይለመናል። የመምህራን መፈረሚያ ከዩኒት ሊደሩ ጠረጴዛ ተነስቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ስልክ ጠዋት በሆም ሩም መምህሩ ተሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ፈተና ላይ 9ኛና 11ኛ ክፍልን አንድ ዴስክ ላይ ቀላቅዬ አስቀመጥኩ። ኩረጃው ቆመ፣ ውጤቱም አብሮት ወረደ። የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ሲሰጥ ወላጅ ቢሮዬን ሞላው።

አንድ አባት "ድሮ 78 ሲያመጣ የነበረ ልጅ እንዴት 34 ያመጣል? ጠምዳችሁት ነው" አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ልጁን አስጠራሁና ጠመኔ ሰጠሁት። ቢሮዬ ካለችው ሰሌዳ ላይ ሁለት ኤክስ ሲደመር 6 እኩል ይሆናል 14 ብዬ ጻፍኩለት። 9ኛ ክፍል ሳይደርስ መጨረስ የነበረበት ነገር ነው። ልጁ ሰሌዳውን አየ፣ አባቱን አየ፣ ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ "ቲቸር፣ ኤክሷን የት ላድርጋት?" አለኝ። አባትየው ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። በማግስቱ ሌላ አባት አስከትለው መጡ። "ለሱም አሳይው" ብለው።

ሽማግሌም መጥቶብኛል። ጥበቃውን በድንጋይ የፈነከተ የ11ኛ ክፍል ልጅ ለሁለት ሳምንት አግጄ ነበር። አንድ ሸኽና አንድ ቄስ አብረው መጡ። ወሎ ነው እንግዲህ፣ ለአንዱ እምቢ ብል ሌላው እንዲይዘኝ ነው። ሻይ አስመጣሁላቸው። "ሁለቱን ሳምንት አንድ አድርጊልን" አሉ። አልቀንስም አልኩ። መረቁኝና ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሸኹ ዞር ብለው "ይሁን፣ ስለዚህኛው አንለምንሽም። የሰኞዎቹን ግን እያቸው" አሉኝ።

ጥያቄዬ ስለ ሰኞዎቹ ነው። ደሴን ለማያውቅ ሰው፣ ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሰኞ ሰኞ የሚያረፍደው ተማሪ ከሌላው ቀን በብዙ ይበልጣል። ገሚሶቹ እናታቸው ገበያ የምትነግድ ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ዕቃ ያወርዳሉ። ሌሎቹ ከገጠር መጥተው ደሴ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ከኩታበር በኩል አለ፣ ከገራዶ አለ፣ ከዚያም የሚርቅ አለ። ሰኞ ማለዳ ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሰኞ ደግሞ መኪናው ገበያተኛ ነው የሚፈልገው፣ ተማሪ ማን ይጭናል? 2:30 ላይ በሶና ድርቆሽ ያለበት ማዳበሪያ ተሸክመው በሬ ላይ ይቆማሉ።

እነሱን ላስገባ ስል ከኋላቸው የፒያሳ ልጆች ይታዩኛል። ቤታቸው እዚሁ ነው። ፀጉሩን በጄል አስተኝቶ "ቲቸር ትራንስፖርት አጣሁ" ይለኛል፤ የምን ትራንስፖርት? ምክትሌ "ሰኞን ተይው" ይለኛል። ሰኞን ከተውኩ ማክሰኞም ይከተላል ብዬ እፈራለሁ። የገበያ ቀን ባለበት ከተማ ትምህርት ቤት የመራችሁ ካላችሁ፣ ምን አደረጋችሁ? "እግዜር ያግዝሽ" ለሚለኝ አሜን፣ ግን እሱን አይደለም የጠየቅኩት።

*

የ70ዎቹ ልጅ፦

ሁለት ገጽ የሚጽፍ ዳይሬክተር በኛ ጊዜ አልነበረም። አርጩሜ ነበር። ያረፈደ በሩ ላይ ተንበርክኮ አምስት አምስት ይቀምስና ይገባል። እኛ በዚያ ነው ሰው የሆንነው።

*

ካቴና፦

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። ከ1987 ጀምሮ። ባይልም አልገርፍም ነበር። አርጩሜ የያዘ መምህር ሌሰን ፕላን ሲይዝ አላየሁም። ሌላ ሐሳብ ካለዎት በደስታ እቀበላለሁ።

*

እናት ከሰኞ ገበያ፦

ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እትዬ ዳይሬክተር፣ የኔ ልጅ እርስዎ ጋ ትማር፣ ሌላ ጋ ትማር አላውቅም፤ ብቻ የርሷም ትምህርት ቤት 2:00 ላይ ይዘጋል።

ሽንኩርቱ ከቆቦ በኩል ሌሊት ገብቶ ያድራል። 11 ሰዓት ላይ ሄጄ ካልተረከብኩ ጥሩ ጥሩው ይወሰዳል። ሰኞ ተሸካሚ ዋጋውን ይቆልላል። ስለዚህ እኔ ስሸከም እሷ ዕቃው ጋ ትቆማለች። ዕቃ ብቻውን ተቀምጦ ሰኞ ገበያ ላይ? ኧረ በአላህ! ሽንኩርቱ ቢቀርልኝ ቦታው አይቀርልኝም። 1:30 ላይ ድንኳኗን ወጥረን "ሂጂ" እላታለሁ። እየሮጠች ነው የምትወጣው። ዳገት ነው። ከሃያ ደቂቃ በላይ አትዘገይም።

ተዘግቶ ሲጠብቃት የት ትሂድ? ወደኔ ትመለሳለች። ሽንኩርት ስትመዝን ትውላለች። ገበያው ይወዳታል፣ ሒሳብ ፈጣን ናት። እኔ ግን ሲወዷት እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ብር መቁጠር የለመደች ልጅ ደብተር ይሰለቻታል። (ይሄን እንኳ አይሰለቸኝም ብያታለሁ፣ ጻፊው አለችኝ። ልጅዋ ነኝ።)

ስልኩን ስለሰበሰቡ እድሜ ይስጥዎት። የሰኞን ሃያ ደቂቃ ግን ይስጡን። በነፃ አይደለም። ማታ ትክፈለው፣ ቅዳሜ ትክፈለው፣ ግቢ ትጥረግበት። ብቻ አይመልሱብኝ።

*

ኋላ ረድፍ፦

ቲቸር፣ ማን እንደሆኑ ጠርጥሬያለሁ ግን አልናገርም ሃሃ።

ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ስልክ። መጽሐፍ ለሦስት ነው የደረሰን። ባዮሎጂ ጭራሽ የለም፣ ቴሌግራም ላይ ያለው ፒዲኤፍ ነው ያለን። መምህሩ "ፒዲኤፉን ክፈቱ" ይላል። ስልካችን ሳጥን ውስጥ ነው። እሱ ከራሱ ስልክ ያነብልናል፣ እኛ እንጽፋለን። ክፍለ ጊዜው በዲክቴሽን ያልቃል። ምኑን ተማርነው?

ሁለተኛ፣ እኔ በር ተዘግቶብኝ ቀርቼ አላውቅም። በሽንት ቤቱ በኩል አጥሩ አንድ ቆርቆሮ ተነቅሏል። ድሮ በዚያ የምንወጣው ነበር፣ አሁን በዚያ የምንገባው ሆኗል። ቲቸር፣ ክፍል ለመግባት አጥር የሚዘል ተማሪ አፍርተዋል። ይሄ በታሪክ ይመዝገብልዎት።

ሦስተኛው ማዳበሪያ የያዙት ልጆች ጉዳይ ነው። እነሱ በቆርቆሮው አይገቡም። ማዳበሪያው አያሳልፍም፣ እነሱም ይፈራሉ። የሚቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው። እኛ እንገባለን።

*

የጦሳ ልጅ (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ጆ ክላርክ ትዝ አለኝ። እዚህ አሜሪካ ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁታል። ኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ከተማ፣ ኢስትሳይድ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእነሱ አቆጣጠር በ1982 ተሰጠው። ዕፅ በኮሪደሩ የሚሸጥበት፣ መምህር የሚደበደብበት ቦታ ነበር። ሰውየው በአንድ እጁ የቤዝቦል ዱላ፣ በሌላው የድምፅ ማጉያ ይዞ ይዞር ነበር። በአንድ ቀን 300 ያህል ተማሪ አባረረ። ዕፅ ሻጭ እንዳይገባ በሮቹን በሰንሰለት አሰረ፤ እሳት ቢነሳስ ተብሎ ክስ ተነሳበት። በ1988 ታይም መጽሔት ከነዱላው ሽፋኑ ላይ አወጣው። ፕሬዚዳንቱ ሬጋን ሳይቀር አድናቂው ነበር።

ኮሪደሩ ጸጥ አለ፣ ግድግዳው ጸዳ፤ ይህን ማንም አይክደውም። በ1989 ለቀቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን የፓተርሰንን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ግዛቱ ከከተማዋ ቀምቶ ራሱ ማስተዳደር ጀመረ፤ ያልተስተካከለው ብዙ ነበር ማለት ነው። እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ ያ 300 ልጅ ነው። የት ሄደ? ጋዜጣው ስለ ዱላው እንጂ ስለነሱ ብዙም አልጻፈም። አንቺም ሰኞ በር ላይ የሚቀሩትን የት እንደሚውሉ አስቆጥሪ።

*

ካቴና፦

ዱላ የለኝም፣ ማጉያዬም ባትሪ የለውም። ፀባያችን ሊመሳሰል ይችላል፣ አልክድም። ልዩነቱ እኔ በቋሚነት ያባረርኩት ተማሪ የለም።

"ኋላ ረድፍ"፣ የቆርቆሮውን ነገር አንብቤያለሁ።

*

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

መምህር ነኝ፣ እዚህ ኮምቦልቻ። ከርዕሰ መምህሯ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፣ በአክብሮት።

መፈረሚያውን ጠረጴዛዎ ላይ ማምጣትዎ ውርደት ነው። መምህር ለምን እንደሚያረፍድ ያውቃሉ። ደመወዙ እስከ ወሩ አጋማሽ አይደርስም። ከኛ መካከል ማታ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ቤት ለቤት የሚያስጠና አለ፣ ሚስቱ ጋር ሱቅ የሚቆም አለ። እኩለ ሌሊት የገባ ሰው 2:00 ላይ ፊርማ እንጂ ጉልበት አያመጣም። እርስዎም ፊርማውን ነው የሚያገኙት። ክፍል ገብቶ ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ አስገልብጦ ይወጣል። ይህን በር በመዝጋት አያገኙትም።

ስለ በሩ ደግሞ ከኛ ከተማ አንድ ነገር ልንገርዎት። በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ለልጆቹ ሌላ በር ተከፍቶላቸዋል። በተለይ ለሴቶቹ። ደጋግሞ ውጪ የቀረ ልጅ ፑል ቤት ብቻ አይደለም የሚሄደው። ጓደኛው "ና፣ ሰው እየቀጠሩ ነው" ትለዋለች። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያይ ማን ይመለሳል? በጓደኛዬ ክፍል አንደኛ የምትወጣ ልጅ እንዲህ ሄዳለች። ሥራው ነውር አይደለም። 9ኛ ክፍል ላይ መሄዷ ነው የሚያናድደው።

*

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ዳይሬክተር የነበርኩት ባቲ ነው። የባቲን ሰኞ የሚያውቅ ያውቀዋል። አፋሩ ግመሉን ይዞ ይወርዳል፣ ከደጋው እህል ይመጣል፣ ከተማው ተማሪ የሚባል ነገር ይረሳል። ስለዚህ ያንቺን ችግር ከነፀሐዩ አውቀዋለሁ። እናንተ ጉም አላችሁ፣ ተመስገን በይ።

ጥያቄሽ "ልዝጋ ወይስ ልተው" ነው። ሁለቱንም አታድርጊ። በሩን 2:00 ላይ ዝጊው። ከጎኑ ያለችውን ትንሿን የሰው መግቢያ ክፈቻት። በዚያ የገባ ክፍል አይሄድም፣ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚሄደው። እዚያ ተረኛ መምህር ይቀመጣል። ልጁ ስሙን፣ የመጣበትን ሰፈርና የገባበትን ሰዓት በራሱ እጅ ይጽፋል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደወል ወደ ክፍሉ ይገባል። ያመለጠውን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይከፍላል። ይህች የሽንኩርት ነጋዴዋ እናት ያለችው ነው፣ ከኔ ቀድማ አውቃዋለች። ያረፈደው ልጅ ከግቢ ካልወጣ ፑል ቤቱም ፋብሪካውም አያገኘውም። አርፍዶ ክፍል ስላልገባ ደግሞ ሕግሽ አልተሻረም።

የፒያሳዎቹን መለየት ቀላል ነው። መዝገቡን ለአንድ ወር ብቻ ያዢው። ማዳበሪያ የያዘው የሚያረፍደው ሰኞ ብቻ ነው። ፀጉሩን ያስተኛው ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ዓርብም ነው። መዝገቡ ይነግርሻል፣ ፊት ማየት የለብሽም። ለሰኞዎቹ ማኅተም ያለው ካርድ ስጪያቸው፣ ለሰኞ ብቻ የሚሠራ። ሌላውን ወላጁን ጥሪ።

ከዚያ ፕሮግራሙን አስተካክይ። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሂሳብና እንግሊዝኛ የደረደረው ማነው? እኛ ጋ ሰኞ ጠዋት ንባብ ነበር የምናደርገው። ሁሉም ክፍል፣ ሁሉም መምህር፣ ከመጽሐፍ እየተነሳ ጮክ ብሎ ማንበብ። መጀመሪያ መምህራኑ ሳቁብኝ። የፊዚክስ መምህር "እኔ የንባብ አስተማሪ ነኝ ወይ?" አለ። ክፍሉ ገብቶ ልጆቹ ሲያነቡ ከሰማ በኋላ አልሳቀም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከበሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በ2018 9ኛ ክፍል የገባውን ልጅ ወደ ኋላ ቁጠሪው። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ 3ኛ ክፍል ነበር። ሳይፈተን አለፈ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ 5ኛ ክፍል ነበር። ከዘመዱ ጋር ተሰዶ፣ ተመልሶ፣ የተሰባበረ ወንበር ላይ ቀጠለ። ማንበብ የሚጠናበት ዕድሜው በዚህ መሃል አለፈ። ከዚያ በኋላ ማን አስተማረው? ጎበዙን ከብቦ እየገለበጠ ነው እዚህ የደረሰው። አንቺ ኩረጃውን ስታቆሚ ይህ ነው ብቅ ያለው። "ኤክሷን የት ላድርጋት" ያለው ልጅ ኤክስ ብቻ እንዳይመስልሽ የቸገረው። ጥያቄውን በአማርኛ አስነብቢው እስኪ።

ስለዚህ ጥብቅ መሆንሽን አትተይ፣ ግን የጥብቅነትሽን ግማሽ ወደ ክፍል ውሰጂው። በሩ ላይ የምትቆሚውን ያህል ኋላ ረድፍ ላይ ተቀመጪ። አትገምግሚ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል፣ በሦስተኛው ይለምድሻል፣ ከዚያ ችግሩን ራሱ ይነግርሻል። የኮምቦልቻው መምህር ያለው እውነት ነው፣ ፊርማ ነው የምታገኚው። መፈረሚያውን ግን ወደ ዩኒት ሊደሩ አትመልሺው። እሱም ሰው ነው፣ ይለመናል።

መጨረሻ፣ ስንቅ ይዘው የሚመጡት። እነዚህ ልጆች ደሴ ላይ ወላጅ የላቸውም። አባታቸውን ለስብሰባ ብትጠሪ ከብቱን ትቶ አይመጣም። አከራዮቻቸውን ጥሪ። አዎ፣ አከራዮቻቸውን። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩበትን ቤት ባለቤት። የትኛው ልጅ ማታ እንደሚያጠና፣ የትኛው ከምሳ በኋላ ከጫት ቤት እንደማይጠፋ፣ የማን በሶ ረቡዕ ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ ባቲ ላይ ጠርቻቸዋለሁ። አንዲት አሮጊት "ሠላሳ ዓመት ሳከራይ ትምህርት ቤት ስጠራ ዛሬ ገና ነው" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ከሁሉም ቀድመው መጡ።

*

ካቴና፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን ለምክትሌ አሳየሁት፣ "እኔስ ምን አልኩሽ" አለኝ። እሱ ያለው "ተይው" ነው፣ እርስዎ ያሉት ሌላ ነው። ልዩነቱን እስኪገባው ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተረኛ አድርጌዋለሁ።

እንዲህ አደርጋለሁ። ትልቁ በር 2:00 ላይ ይዘጋል። ትንሿ መግቢያ ለሰኞ እስከ 2:40 ክፍት ትሆናለች፣ ከዚያ በኋላ ግን እሷም የለችም። ካርዱን የሚያገኘው መዝገቡ የመሰከረለት ነው። የሰኞን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ወደ ንባብ ለመቀየር የአካዳሚክ ምክትሉን አነጋግሬያለሁ። እንግሊዝኛ መምህራኑ ደስ ብሏቸዋል፣ ሰኞ ጠዋት ሻይ የሚጠጡ ከመሰላቸው ተሳስተዋል።

ስልኩን በተመለከተ "ኋላ ረድፍ" ልክ ነው። ፒዲኤፍ የሚያስፈልገው መምህር ለዚያ ክፍለ ጊዜ ፈርሞ ሳጥኑን ይወስዳል፣ ሲጨርስ ቆጥሮ ይመልሳል። አንድ ስልክ ለአንድ ዴስክ። ከዚያ በላይ አልሄድም።

"ቦርከና"፣ ስለ ደመወዙ የምጨምርልህ የለኝም፣ የኔም ያው ነው። መፈረሚያው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ይቆያል። ቅር ይልህ ይሆናል። ተማሪ በ2:00 ዘግቼበት መምህር በ2:20 ሲገባ ካየ ያ ተማሪ ሁለተኛ አያምነኝም።

እናት፣ ልጅዎ የኔ ተማሪ ከሆነች ሰኞ ካርዷን ከኔ ትውሰድ። ሌላ ትምህርት ቤት ከሆነች ይህን ጽሑፍ ለዳይሬክተሯ ታሳየው፣ "ካቴና የተባለች ሴት ፈቅዳለች" ትበል። ሒሳብ ፈጣን ናት ያሉኝን አልረሳሁም።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አከራዮቹን ሲጠሩ ደብዳቤው ላይ ምን ብለው ጻፉ? የኛ ሰው የትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲያይ መዋጮ ነው የሚመስለው። ሳያነብ ነው የሚያጣጥፈው።

*

ጡረተኛው፦

ደብዳቤ አልጻፍኩም። እንዳልሽው መዋጮ ነው የሚመስላቸው። ልጆቹን ነው የላክሁት፣ "ዳይሬክተሩ ቡና ጠርተውዎታል" በሉ ብዬ። ቡናውን የክበብ ሠራተኛዋ አፈላች፣ ቆሎ ተገዛ። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተነሳም። አንቺም አታንሺ፣ የተነሳ ቀን ሁለተኛ አይመጡም።

ዓርብ አትጥሪ፣ ጁምዓ ነው። ሰኞ ያው ታውቂዋለሽ። እሑድም ቅዳሴ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ረቡዕ 10 ሰዓት ጥሩ ነው። ስማቸውን ደግሞ "አከራይ" ብለሽ አትመዝግቢ። የወላጅ መዝገብ ላይ አስገቢያቸው፣ እዚያው ከአባትና ከእናት ዓምድ ቀጥሎ። ስልካቸውንም ያዢ።

*

ኋላ ረድፍ፦

ቲቸር ዛሬ አናጢ መጥቶ ቆርቆሮውን መታው። አሁን ለማረጋገጥ ያህል ነው የምጠይቀው፣ የሰኞው ካርድ ለፒያሳ ልጅ በምንም ምክንያት አይሰጥም?

*

ካቴና፦

በምንም።